ከተሳቢው ኋላ

የከባድ መኪናው ሾፌር የሚስቱን ወንድም ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ሰውየው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ፒካፑን ከተሳቢው ኋላ ለጥፎ ይነዳል፤ ትልቁ መኪና ነፋሱን ይከልልለታላ!

«እንዲህ ስትጠጋ በመስታወት አትታየኝም። ድንገት ፍሬን ብይዝ ስር ነው የምትገባው» አለው ሾፌሩ።

«ነፋሱንም የግልህ አደረግከው እንዴ?» ሲል አፌዘበት።

አንድ ቀን በሬ አስፋልቱ ላይ ዘው አለ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ ከኋላ ጓ! አለ። ዘሎ ሲወርድ ፒካፑ እስከ ፊት መስታወቱ ተሳቢው ስር ገብቷል።

አማቹ ከግንባሩ ደም እየወረደ፣ «ሆን ብለህ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ሾፌሩ ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉን አሰረለት፤ እጁን ግን አንቀው አንቀው ይለው ነበር።

ቤት ሲገባ ወንድሟ ቀድሞ የደወለላት ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«እውነት በሬ ነበር?»

«አንቺም?» አላትና ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ።