የእትዬ ሶፍት ቧንቧ

መቼም ወሬ ከሰው አፍ የምትነጥቅ ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲው ጭንቅ የያዛቸውን ተማሪዎች እንድታማክር ሲቀጥራት እናቷ በሳቅ ፈረሱ። «ይቺ? ዝም ብላ ልታዳምጥ?»

እሷ ግን ቢሮዋ ስትገባ ምላሷን ትነክሳለች። የመጣውን ሰው አታጣድፍም፤ የሶፍቱን ካርቶን ወደ እሱ ገፋ አድርጋ እስኪናገር ትጠብቃለች። ተማሪዎቹም «እትዬ ሶፍት» ብለው ስም አወጡላት።

አንድ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ገብቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የማታ ተማሪ መሰላት። እንደ ልማዷ እስኪናገር ጠበቀች፤ እሱም እስክትጠይቀው ጠበቀ። ጥግ ላይ ያለው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ብቻ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሶፍቱን ገፋ አደረገችለት። ሰውየው ሶፍቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አንድ ሶፍት መዘዘ።

«ልጄ ትዳር ከያዘች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል» አለ። «ለካ እኔና ባለቤቴ የምናወራው ስለ እሷ ብቻ ነበር!»

እንባው ወረደ። የካርቶኑን ግማሽ ጨርሶ ሲረጋጋ፣ «የየትኛው ትምህርት ክፍል ተማሪ ነዎት?» አለችው።

«ኧረ እኔ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቧንቧው ያንጠባጥባል ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምነው ሳይናገሩ?»

«እንዴት ልናገር? ሶፍት ሰጡኝ!»

በር ላይ የተወውን የመሣሪያ ሳጥን አንጠልጥሎ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው እያፏጨ ሄደ።

በማግስቱ ስለ ቧንቧው ለጥገና ክፍሉ እንደገና ደወለች። ሰውየው መጣ፤ ከኋላው ግን የመብራት ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«እሱን ያስቀድሙልኝ፤ የሱ ይብሳል» አላት።

ከዚያ ወዲህ የጥገና ክፍሉ ሰው ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ ቀሎት ሄዷል። ያልተጽናና ቧንቧው ብቻ ነው፤ እሱ ዛሬም ያለቅሳል።