በአባቱ በሬ የታሰበ ዓመት

የወንድሜ ልጅ ለክረምት ከአዲስ አበባ ሲመጣ አባቱ ከተቀበረ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ልጁ አያውቅም። ፈተናውን ሳይጨርስ ትምህርቱ እንዳይሰናከል ተብሎ አገሩ ሁሉ አፉን ይዞ ቆየ። ከቤተሰባችን ኮሌጅ የገባው እሱ ብቻ ነዋ።

የወንድሜ ቤት ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳ ሲወርዱ ነው። እኔ አርብ ገበያ ጨውና ጥጥ እነግድ ስለነበር ሽማግሎቹ፣ «መንገዱ ባንቺ ነው፤ ካንቺ ዘንድ ይደር፤ ጎህ ሲቀድ መጥተን እናረዳዋለን» ብለው ጣሉብኝ። መርዶ በጠዋት እንጂ በማታ አይነገርም። ይህን ወግ ያወጣ ሰው ማታውን ከልጁ ጋር ቁጭ ያለ አይመስለኝም።

ጥቁር ልብሴን አውልቄ ደበቅሁ፤ የተላጨ ራሴን በሻሽ ጠመጠምሁ። ለቅሶ ላይ የነጨሁትን ፊቴን ግን ወዴት ላድርገው?

«እትዬ፣ ፊትዎን ምን ነካዎ?» አለኝ ገና ስሞኝ ቀና ሳይል።

«የቀጋ እሾህ ነው። ይልቅ ግባ፣ ዝናቡ ገርፎሃል።»

ከሻንጣው መጀመሪያ ያወጣው ካፖርት ነበር፤ ወፍራም፣ የወታደር ልባሽ። «አባዬ ሲያስቀድሱ ይለብሱታል» አለ። ተቆጣሁት። «በዚህ ገንዘብ መጽሐፍ አትገዛበትም ነበር?» ልጁ ደነገጠ። የሞተው ወንድሜ ነው፤ እኔም እሪ ማለት አምሮኝ ነበር፤ የወጣልኝ ግን ቁጣ ሆነ።

የባቄላ ቆሎ በሰፌድ አቀረብሁለት። በሚመጣው ዓመት ኮሌጁ ማደሪያና ምግብ እንደማይሰጣቸው ነገረኝ። «እርስዎ ነጋዴ ነዎት፤ እስቲ አብረን እናስበው» ብሎ ቆሎውን ይከምር ጀመር። አንዱ ክምር የቤት ኪራይ፣ አንዱ ቀለብ፣ አንዱ መጽሐፍ። ትልቁን ክምር በጣቱ ከበበና፣ «ቀለቡን ዳልቻው በሬ ይችለዋል» አለ። ኪራዩን ማሩ፣ መጽሐፉን ገብሱ።

ዳልቻው በሬ ለአርባው ተዝካር ታርዷል። ገብሱ ጠላ ሆኖ ተጠጥቷል። ቀፎዎቹም ጠባቂ አጥተው ንቦቹ ኮብልለዋል።

«በሬውን ተወው» አልሁት። «እኔ ከጥጡ ትንሽ ላውጣ። አንተም የሰው ልጅ አስጠና፤ ከጓደኛህ ጋር ተዳብለህ ተከራይ።»

«ምነው እትዬ፣ ለአባዬ በሬ ሳሱ እንዴ?»

«ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብህ ብዬ ነው።»

«የእኛስ እበረት ነው ያለው!» ብሎ ሳቀ።

ያለ አባቱ የሚቆም ዓመት ላበጅለት ነበር የምታገለው። ክምሩን ላሳንስ እጄን ስሰድ እጄን ያዘኝ። «አባዬ እያሉ ምንም አይጎድል» አለ። ውሃ የማመጣ መስዬ ጓዳ ገባሁና የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ። ስመለስ ቆሎውን ሳይበላ፣ እንደከመረው ትቶት ተኝቷል።

ጎህ ሲቀድ የወንድሜ ቤት የንስሐ አባት ከሽማግሎቹ ጋር ገቡ። ልጁ ብድግ ብሎ ሰፌዱን ከእግራቸው ሥር አነሳ፤ ክምሮቹ እንዳይፈርሱ ይጠነቀቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ በአገራችን የማያውቅ የለም። አንድ በአንድ አያቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ፊቴን አየው።

«የቀጋ እሾህ» አለ ቀስ ብሎ።

ሰፌዱ ከእጁ ወደቀ። ቄሱ የተናገሩትን እንኳ የሰማ አልመሰለኝም።

ነሐሴ ላይ የጥጤን ገንዘብ ቋጥሬ ወደ እነሱ ወረድሁ። ልጁ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ በዝናብ ያርሳል። ካፖርቱን ለብሶታል፤ ለአባቱ ቁመት የተገዛ ስለሆነ ጫፉ ጭቃ ላይ ይጎተታል። ገንዘቡን ስሰጠው ሳይፈታው በእጁ መዘነው።

«ለአንድ ወር ይሆናል» አለኝ። «ከዚያስ? እናቴስ? ታናናሾቼስ?»

ቋጠሮውን መለሰልኝና ጅራፉን አነሳ።

ፈተናውንማ አልፎ ነበር።