ከሐይቁ በታች ያለው ጫማ ቤት

በከተማችን በላጉኒያስ መሬቱ ይሰምጣል። ነዳጁ ከሥሩ በተቀዳ ቁጥር ዝቅ እያለ ዛሬ ከሐይቁ በታች ነን፤ ግድቡ ባይኖር ማራካይቦ ሐይቅ አልጋችን ላይ ይተኛ ነበር። ጎረቤቴ አዴልሞ ቾሪዮ ደጁ ላይ ሲቀመጥ፣ መርከቦች ከአናቱ በላይ ሲያልፉ ያያል።

አዴልሞና ታላቅ ወንድሙ ኔርዮ ጫማ ሰፊዎች ነበሩ። በወጣትነታችን ያላጫሙት ሰው አልነበረም። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ። ገንዘባችን ቦሊቫር ጠነከረና የጣልያን ጫማ እዚህ ከሚሰፋው ረክሶ ሱቁን ሞላው። ቆዳ ፋቂው ዘጋ፤ ገበሬው ማሳውን ጣለ። አዴልሞም በነዳጅ ማከማቻው በዘበኝነት ተቀጠረና ደመወዙ አስደሰተው። ኔርዮ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

"አንተ ሰው፣ ማንም ለማይገዛው ነገር ምን ያለፋሃል?" አለው አዴልሞ።

"ይሄ ነዳጅ ፊቱን ሲያዞርብን በባዶ እግሩ የሚቀር አይጠፋም" አለው ኔርዮ።

አዴልሞ ሰው ፊት ሳቀበት። በዚያው ተኮራረፉ። ኔርዮ ታሞ ሲሞትም አልታረቁም ነበር፤ አዴልሞ የጫማ ቤቱን በር በሚስማር ቸንክሮ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። ዋጋው ወረደ፣ ፓምፖቹ ዛጉ፣ ደመወዙ እንቁላል እንኳ መግዛት አቃተው። የአዴልሞ ልጆች ወደ ኮሎምቢያ ተሰደዱ። ያን ጊዜ ነው አዴልሞ ቀትር ላይ ከተቸነከረው ቤት የመዶሻ ድምፅ መስማት የጀመረው። ሚስቱ ኤሎዲያ ቆርቆሮው ሙቀት ሲመታው ነው አለችው። እኔም አንድ ቀን ሰምቻለሁ፤ ቆርቆሮ ነው ብዬ ግን አልምልም።

በመጨረሻ በሩን ገነጠለው። መደርደሪያው ኔርዮ በሰፋቸው ጫማዎች ሞልቷል። አንዱን ሲያነሳው እርጥበት በልቶት ኖሮ እንደ ዳቦ ተፈረፈረ። ሁሉም እንዲሁ ነበሩ። አዴልሞ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪበቃው አለቀሰ።

በማግስቱ ቆዳ ፍለጋ ወጣ። የሚፍቅ ሰው የለም፤ ሚስማር የሚሠራም የለም። ስለዚህ ከተጣለ የጭነት መኪና ጎማ በረባሶ መሥራት ጀመረ። በእግራቸው ድንበር ለመሻገር የተነሱ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣሉ፤ እግራቸውን ለክቶ፣ አጫምቶ፣ ይሸኛቸዋል።

ልጆቹ አንተም ና ብለው ለምነውት ነበር።

"ወንድሜን አንዴ ጥዬው ሄጄ ነበር" አላቸው። "አሁን አብረን እየሠራን ነው።"

ኤሎዲያ ያን ቀን የመዶሻው ድምፅ ሲሰማ ለሁለቱም ወንድማማቾች ቡና ይዛ ወደ ጫማ ቤቱ ሄደች።