ከገልባጩ ኋላ የሚሄደው አራሚ

ያ ጉዳይ መጋዘኔን፣ የዶዮገና ደንበኞቼንና አንድ ወዳጅ አሳጥቶኛል። መጋዘን ይተካል።

ፖሊሶች የያዙኝ፣ ያልተከፈላቸውን ደሞዝ ሊጠይቁ የተነሱ መምህራን የእህል መጋዘኔ ውስጥ ስለተሰበሰቡ ነው።

"ለምን አስጠለልካቸው?" አለኝ መርማሪው።

"ዝናብ ነበራ!"

ቀልድ አልወደደም።

ሆሳዕና ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና የብዙ ሰው ካልሲ ይሸታል። ጥግ ላይ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ሆዱን ይዞ ተቀምጧል። ከሽንት ቤት በተመለሰ ቁጥር ፊቱ ይገረጣል። የሚያስቀምጠው ደም ነበር።

"ኪንታሮት ነው ቲቸር?"

"ምነው በሆነልኝ ጋሼ።"

ከዚያ እንደ ተማሪው አስቀምጦ አስረዳኝ። ሴል ሲከፈል የዲኤንኤው ጽሑፍ ይገለበጣል። ገልባጩ ፊደል ከሳተ ወደኋላ ተመልሶ ይነቅልና ትክክለኛውን ይተካል። እሱ ያለፈውን ደግሞ ከኋላው የሚመጣ አራሚ ያገኘዋል፤ አሮጌውን ጽሑፍ ሳይነካ ስህተቱን ከአዲሱ ላይ ቆርጦ ያወጣል፣ ክፍተቱም አሮጌው እየታየ ይሞላል።

"እንዲህ ያለ ሠራተኛ እኔ ጋ ቢኖር ሚዛኔ ባልታማ" አልኩት።

ሳቀ፤ ሳቁ አመመው።

"የእኛ ቤት አራሚ ደካማ ነው። ስህተቱ ተጠራቅሞ አባቴን በአንጀት ካንሰር ገደለው። ለእኔም ሐኪሞቹ ያው በሽታ እንዳለብኝ የነገሩኝ ልታሰር ስል ነው። ሌሞ ያለችው እህቴ ገና አልሰማችም። ወርሳው ከሆነ፣ ቀድማ ከተመረመረች ትተርፋለች። ከወጡ ይንገሯት።"

በማግስቱ መርማሪው የመምህሩን ቃል ጽፎ አመጣ። ከፈረመ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሄዳል። ግን እሱ ያልተናገራት አንዲት መስመር ገብታለች፤ ድንጋይ ያስወረወረው ጓደኛው፣ ሌላ መምህር፣ ነው የምትል።

"ፈርም! ወጥተህ ትክዳለህ" አልኩት በሹክሹክታ። ገበያ ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።

"እሱ ግን እስር ቤት ይገባል ጋሼ።"

እስክሪብቶውን ተቀበለ። መስመሯን ሰረዘ፤ ከላይዋ "ድንጋይ ሲወረወር አላየሁም" ብሎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በለመደው ጥንቁቅ ጽሕፈት ጻፈ። ከዚያ ፈረመ።

"አበላሸኸው" አለ መርማሪው።

"አረምኩት" አለ መምህሩ።

መርማሪው ወረቀቱን ቀዶት ወጣ። መምህሩን ሆስፒታል የወሰዱት መቆም ሲያቅተው ነው።

እንደተፈታሁ በጋሪ ሌሞ ሄጄ ለእህቱ ነገርኳት። ዛሬም ሱቅ ስዘጋ፣ ሰው አለመኖሩን አይቼ፣ "ምናለ ብትፈርም!" እላለሁ ጮክ ብዬ። ቢፈርም ኖሮ ግን ዓይኑን ማየት የምችል አይመስለኝም።

እህቱ ተገኝቶባት በጊዜ ታከመች። ጓደኛው ያስተምራል። እሱ ሞቷል።