ልጄ ወደ መሃል የገባበት ጨዋታ

ልጄ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ ተቋርጦ ወደ መካነ ሰላም ሲመለስ የያዘው አንድ ቦርሳ ልብስና አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የእግር ኳስ ቡድን የሚያሰለጥንበት ጨዋታ አለ። ኳሱን እሱ አይመታም፤ ማን የት እንደሚቆም ይወስንና ቁጭ ብሎ ያያል። መብራት በመጣ ቁጥር ይከፍተዋል። እኔም አጠገቡ ምስር እለቅማለሁ። አላህን የማመሰግንበት ብዙ አለኝ፤ በዚያ ሰሞን ግን ልጄን በዓይኔ ማየቴ ይበልጥብኝ ነበር።

ጎረምሶች ከመንገድ ይታፈሱ ነበርና። የታጠቁ ሰዎች በመኪና ይመጣሉ፤ ያገኙትን ጭነው ይሄዳሉ። ወዴት እንደሚወስዷቸው የሚናገር የለም።

አንድ ቀን ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው።

"ይሄ የግራ መስመር ተከላካይ ነው እማ። እኛ ኳሱን ስንይዝ መስመሩን ይተውና ወደ መሃል ይገባል። ኢንቨርትድ ዊንግ ባክ ይሉታል።"

"የተወውን ቦታ ማን ይጠብቃል?"

"ማንም። መሃል ላይ እንበዛለንና፤ ኳሱን አይነጥቁንም።"

"ከነጠቋችሁስ?"

ሳቀ። "በቃ፣ ምክትል አሰልጣኝ አድርጌሻለሁ።"

በዚያው ቀን ከተተወው ቦታ ሁለት ጎል ገባበት። ጥፋቱ የተጫዋቹ ነው ብሎ ሌላ ሰው ቀየረ። አሰላለፉን አልቀየረም።

ከዚያ ጓደኞቹ ከታችኛው ሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ ያዙ። ሜዳው በአንድ ጎኑ ከዋናው መንገድ ጋር የተያያዘ ነው፤ አጥር የለውም። ልጄ ድሮም የግራ መስመር ተከላካይ ነው። "አትሄድም" አልሁት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ክብና ቀስት የሳለበት ወረቀት ይዞ መጣ።

"መጀመሪያ መንገዱ በግራችን ነው። እኔ ግን እዚያ አልቆምም፤ ወደ መሃል እገባለሁ። ከእረፍት በኋላ ጎል ስንቀያየር ደግሞ መንገዱ በቀኝ ይሆናል፤ ጭራሽ እርቃለሁ።"

ወረቀቱን አየሁት። የልጄ ክብ ከመንገዱ ርቋል።

"እንግዲያው እንደዚህ ብቻ ተጫወት። ምንም ቢሆን ወደ መስመሩ እንዳትመለስ። ማልልኝ።"

ማለልኝ።

የግጥሚያው ዕለት የአስርን ሶላት ሰግጄ ወጣሁ። እናቶች መንገዱን ለመጠበቅ ከጎሉ ጀርባ ባሉት ድንጋዮች ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አጠገቤ ጎረቤቴ ነበረች። ልጆቻችንን በአንድ ክረምት ነው የወለድነው። የኔ ሲታመም እሷ ለማርያም ትሳላለች፤ የሷ ሲታመም እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። ልጇ ግን የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ተከትሎ ለታችኛው ሰፈር ይጫወታል። የቀኝ መስመር አጥቂ ነው። ፊት ለፊቱ መቆም የነበረበት የኔ ልጅ ነው።

"ኧረ ልጅሽ የት ሄደ?" አለችኝ እየሳቀች። "በሩን ከፍቶ ወጣ እኮ!"

"ሥራው መሃል ነው።"

"መሃል ምን አለ? ገበያ ነው?"

ልጇ በተከፈተው በኩል ሮጦ ጎል አገባ። ጓደኞቹ ልጄን "ተመለስ! ቦታህን ያዝ!" እያሉ ጮኹበት። ወደ እኔ አየ። ራሴን በእምቢታ ነቀነቅሁ። አልተመለሰም።

ጉሙ ከገደሉ በኩል እየወጣ መንገዱን መሸፈን ጀምሮ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ መስመሩ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ እጁን ከፍ አድርጎ "ወዲህ! ወዲህ!" ይላል። በዚያ ጎን ከሱ በቀር ሰው አልነበረም።

መኪናው ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁል ሲንከባለል አልሰማነውም። ስናየው ከሜዳው ደርሷል። ጮኽን። መሃል ያሉት ልጆች ከሜዳው ማዶ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሮጡ። የልጄ ሰማያዊ ማልያ ዛፎቹ ውስጥ ሲገባ አየሁ።

"አልሀምዱሊላህ!" አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ወደ መስመሩ የዞርሁት። ሁለት ሰዎች የጎረቤቴን ልጅ በክንዱ ይዘውታል። እሷ ለመሮጥ ተነስታ ነበር። ከመሮጧ በፊት አንዴ ዞራ አየችኝ።

ልጄ ለመግሪብ ሶላት ትንሽ ሲቀረው መጣ። እግሩ ተቧጭሯል። ማን እንደተወሰደ ነገርሁት።

"እሱን መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር" አለ።

"አጠገቡ ብትሆን ሁለታችሁንም ይወስዷችሁ ነበር።"

"አጠገቡ ብሆን ፊቴ ወደ መንገዱ ነው እማ። መኪናውን ቀድሜ አየው ነበር።"

ከሶላት በኋላ ማመስገን ጀመርሁ፤ መጨረስ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጎረቤቴ ሁለት ቋጠሮ ስንቅ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። የተያዙት አቀስታ ከተማ ናቸው የሚል ወሬ ሰምታለች። ሰላም አላለችኝም። ያናገረችው ልጄን ነው።

"ተነስ ልጄ፣ አብረን እንሂድ። ብቻዬን ብጠይቅ ማን ይመልስልኛል?"

ልጄ ወዲያው ጫማውን አነሳ። እኔ በሩን ሞልቼ ቆምሁ።

"እሱ አይሄድም።"

"እንደማትሰጪኝ አውቃለሁ።"

"እኔ እሄዳለሁ።"

"አንቺ? እዚያ ደርሰሽ ምን ልትይልኝ ነው? አልሀምዱሊላህ?"

ሻሼን አሰርሁ። "የፈለግሽውን በይኝ። ብቻ አብሬሽ ልሂድ።"

አንዱን ቋጠሮ አቀበለችኝ።

ሚኒባሱ ወደ ደጋው ሲወጣ ብርዱ በመስኮቱ ይገባ ነበር። አጠገቤ በመቀመጧ አላህን አመሰገንሁ፤ በልቤ ብቻ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። መኪናው ሞልቶ ነበር። አንድም ጎረምሳ አልነበረበትም። ሁላችንም ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበርን፤ ሁላችንም ጭናችን ላይ ስንቅ ይዘናል።