የቤቱ መስመርና የጎረቤቱ መስመር

እህቴ ሥራ ልታገኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞን ለልጆች በኢንተርኔት የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሙከራ ትምህርት እንድትሰጥ ቀጠሯት። ከከሚሴ ሳትወጣ፣ እናታችንንም ትታ ሳትሄድ ደመወዝ የምታገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረም። ችግሩ ኢንተርኔታችን ነው። ስትለማመድ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ይቀራል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እናቴ ፓስወርዱን ለጠየቃት ሁሉ ሰጥታለች። ጨው ሊበደር የመጣን ሰው ባዶ እጁን እንደማትመልስ ሁሉ ዋይፋይ የጠየቀንም አትመልስም።

«ፓስወርዱን ልቀይረው» አልኳት።

«ከዚያስ? ሲጠይቁኝ ምን ልላቸው ነው?»

«ተበላሽቷል በያቸው።»

«ወላሂ አልዋሽም። በረመዳን ሾርባ የተቀባበልኩትን ሰው በር ልዝጋበት? ሌላ ነገር ፈልግ።»

ፈለግሁ። አስተማሪዬ ስልኬ ነው፤ ቪዲዮ እያቆምኩ፣ ወደኋላ እየመለስኩ ቪላን የሚባለውን አሠራር ተማርኩ። በአንድ ገመድ ውስጥ እርስ በርስ የማይገናኙ መስመሮችን ማሳለፊያ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ይሰጠዋል፤ ስዊች የሚባለው ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን ቁጥሩን እያየ ወደየቦታው ይልካል። ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍል ራውተር ላደርገው ያሰብኩት ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አንድ የኬብል መሰኪያ ብቻ ስላለው ቪላን የግድ ሆነ። ቁጥር የሚያነብ ያገለገለ ስዊች ከኮምቦልቻ ገዝቼ በሚኒባስ አመጣሁ። አንዱን ቁጥር ከውጭ ለሚገባው ኢንተርኔት፣ አንዱን ለእህቴ፣ አንዱን ለጎረቤት መደብኩ። የእህቴ እንዲቀድም፣ የጎረቤቱም ከልኩ እንዳያልፍ ላፕቶፑ ላይ አስተካከልኩ። የእህቴን በኬብል እስከ ጠረጴዛዋ ዘረጋሁ፤ የጎረቤቱን ከድሮዋ የዋይፋይ ሳጥን ጋር አገናኘሁ። ስሟንም ፓስወርዷንም አልነካሁም። እያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የየት እንደሆነ ጻፍኩበት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእህቴ መስመር ያለ እንከን ሠራ። ደስታዬን ሳልጨርስ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሹፌር፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ገቡ።

«አሰላሙ አለይኩም። ኢንጂነሩ፣ ቆረጥከን እንዴ?»

«ወአለይኩሙ ሰላም አባባ። ምን ሆነ?»

«ዋይፋዩ ይታያል፤ ግን አይሠራም።» ገመዶቹን አዩና ሳቁ። «ይሄ ላፕቶፕ ምን አድርጎህ ነው እንደ አረፋ በሬ ጠፍረህ ያሰርከው?»

እናቴ አልሳቀችም። «ለሰዉ ሳትመልስለት ትምህርቱ አይጀመርም» አለችኝ።

«እማ! ዛሬ እኮ ነው!» አለች እህቴ። «አሁን ነካክቶ የኔንም ቢያጠፋውስ? ከትምህርቱ በኋላ ይሥራው።»

«አብሽሪ። እሱ ያውቅበታል» አለቻት እናቴ።

አላውቅበትም ነበር። ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ነቅሎ ወደ ድሮው መመለስ ነው፤ ያ ደግሞ እህቴን ወደ ደረቀው ምስሏ መመለስ ነው። አልነቀልኩም። ከመጀመሪያው ገመድ ጀምሬ አንድ በአንድ ተከተልኩ። ላፕቶፑ ልክ ነው። ስዊቹ ቁጥሮቹን ያውቃል። ወደ ዋይፋይ ሳጥኗ የሚሄደው መሰኪያ ላይ ስደርስ ስህተቴን አገኘሁት፤ መረጃው ቁጥሩን እንደያዘ እንዲወጣ አድርጌው ነበር። አሮጌዋ ሳጥን ቁጥር የተለጠፈበትን ነገር አታነብም፤ ስዊቹ ቁጥሩን አንስቶ ማስረከብ አለበት። አንዲት ምልክት ቀየርኩ። ወዲያው የሽማግሌው ስልክ መጮህ ጀመረ፤ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ።

«ማሻአላህ! ጋሪዳ! ጥሩ ነው!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ትምህርቱ ሲጀመር ከተሰነጠቀው ስክሪን ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። እህቴ «አካም ጂርቱ?» ብላ ደህንነታቸውን ትጠይቃለች፤ ልጆቹ ተንጫጭተው ይመልሱላታል። ከአጥሩ ማዶ የሽማግሌው የነጻ ትግል ቪዲዮ ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ የጎረቤቱ መስመር ከተፈቀደለት ልክ ደርሶ እዚያው ቆመ። የእህቴ ንቅንቅ አላለም፤ እስከ መጨረሻው አንዴም አልደረቀችም።

አሁን ለዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። በቀደም አንድ እንግዳ ፓስወርድ ሲጠይቅ እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «የጎረቤቱን ስጠው፤ የቤቱ አይነካም» አለችኝ። የቤቱን እኔም አልነካውም። የእኔም ስልክ የሚሠራው በጎረቤቱ መስመር ነው፤ ሲንቀራፈፍብኝ ሽማግሌው ትግል እያዩ እንደሆነ አውቃለሁ።