የሐጂ ሙሔ ጾም

አባየን፣ ሐጂ ሙሔን፣ ወረታ ገበያ ላይ የማያውቃቸው የለም። ጨርቅ ሲሸጡ ለደንበኛ ከልኩ ትንሽ ጨመር አድርገው ነው የሚቆርጡት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታዲያ ያ ሁሉ ደንበኛ ሐኪም ሆኖ አረፈው። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ ቡዳ፣ አንዱ እርጅና። እኔ ልጃቸው ሉባባ ወሬው ሲሰለቸኝ ባሕር ዳር ወሰድኋቸው።

ዶክተር ሀዲስ አስኪደው አዩአቸውና እኔን ለብቻየ ጠሩኝ። ፓርኪንሰን ይባላል፣ መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም አሉኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ አይነገርም፤ ወሽመጡ ይቆረጣል። ለአባየ የነርቭ ድካም ነው፣ በኪኒን ይለቅዎታል አልኋቸው።

ደግነቱ ባሕር ዳር መመላለሱ ቀረልን። መንገዱ እንደሁ አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ነው፤ ሐሙሲት ላይ ተቁሞ የሚታደርበትም ቀን አለ። ዶክተር ሀዲስ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ነርሶችን አሠልጥነው በስልክ አስተሳሰሯቸው። ለእኛ ሲስተር ሸዋዬ ደረሰችን። እሷ አባየን ታያለች፣ ያየችውን ለዶክተሩ ትነግራለች፣ ኪኒኑ ሲጠፋ ከይፋግም ከማክሰኝትም ታስፈልጋለች። አንዱ ያወቀውን ሁሉም ያውቃል፤ ከአባየ በቀር። ለሁሉም አፋችሁን ያዙ ብያለሁ።

ረመዷን ገባና ጉድ ፈላ። ኪኒኑ ቀንም መዋጥ አለበት፤ አባየ ግን የቀኑን ለማታ አዛወሩት። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ። ልጅ ሆኜ ያልገደፍሁትን ጾም ሸምግየ ልግደፍ ወይ ይሉኛል። እኔ ሱቅ ቁጭ ብየ ልቤ ቤት ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ወደቁ እያልሁ እበረግጋለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ብመጣ በራፉ ላይ ቆመዋል፤ እግራቸው መሬቱን አልለቅ ብሏቸዋል። ልግባ እላለሁ እንቢ አለኝ አሉ፣ ድምፃቸው በቅጡ አይሰማም። ደግፌ አስገባኋቸው። አዛን ሲል ቴምር ባጎርሳቸው አልወርድ አላቸው፣ ትን አላቸው። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ የምር ፈራሁ።

ሲስተር ሸዋዬ በባጃጅ ደረሰች። ቀና አድርጋ አስቀምጣ፣ ጉሮሯቸው እስኪጠራ ጠብቃ፣ ዶክተሩን በስልክ እየጠየቀች መድኃኒቱን ሰጠቻቸው። ዶክተሩ ቁርጡን ነገሩን፦ የቀኑን ካልወሰዱ ጭራሽ መዋጥ ሊያቅታቸው ይችላል። መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ዝግ ነበር።

ያን ሁሉ ሰው ስናስተሳስር አባየ የሚሰሙትን አንድ ሰው ዘለነው ኖሯል። ሲስተር ሸዋዬ፣ የማርያም ማኅበርተኛዋ፣ በማግስቱ መስጊድ በር ላይ ቆማ ጠብቃ ሼህ ሳዲቅን ይዛቸው መጣች። ሼሁም ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል፣ ራስን መጉዳት ነው ክልክሉ ብለው በዝግታ አስረዷቸው።

አባየ ሰምተው ሲያበቁ፣

«ስድን ቀዷ ላውጣ? ወይስ ሚስኪን ላብላ?» ብለው ጠየቁ።

በእኛ ሃይማኖት በሽታው የሚለቀው ሰው ያልጾመውን ቀን በኋላ ጾሞ ያወጣል፤ ቀዷ ማለት ይህ ነው። ሚስኪን የሚያበላው የማይድነው ነው። ሼህ ሳዲቅ ሲስተር ሸዋዬን አዩ። እሷ እኔን አየች። አባየም ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

ቀዷ ብላቸው ረመዷን ሲወጣ ሊጾሙ ነው፣ ያው ትንታ ሊመለስ ነው። እውነቱን ብነግራቸውስ?

«ሚስኪን እናበላለን፣ አባየ» አልሁ።



«ይህን ሁሉ ጊዜ አላህን አድነኝ ስል ከረምሁ» አሉ። «ብትነግሪኝ ኖሮ ሶብር ስጠኝ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ እል ነበር።»

ኪኒኑን ከመዳፌ ወሰዱ። ውሃ ስጪኝ አሉኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሼሁ ፊት። ሰጠኋቸው።